መብራት ሲመለስ ሬዲዮው ለምን ይጠፋል?

በምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በቆሎ ከዋና ዋናዎቹ ሰብሎች አንዱ ነው። የበቆሎ ጠላት ታዲያ ማሳ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ እስከ ጎተራና እስከ መጋዘን ድረስ ይከተለዋል። በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ሻጋታው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለው ዝርያ ከሆነ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ስለሆነም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ በቆሎ የእርጥበት መጠኑ ከመቶ 13 ያህል ወይም ከዚያ በታች እንዲሆን ይመከራል። በእህሉ መካከል ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበት ከመቶ 70 ገደማ ሲያልፍ ሻጋታ የሚመቸውን ሁኔታ ያገኛል።

ይህን እርጥበት መለካት ዛሬ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ሴንሰር ሙቀቱንና እርጥበቱን ለክቶ በሬዲዮ ይልካል። ፍላሽ የሚመስል፣ በኮምፒዩተር የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ ሬዲዮ መልእክቱን ይቀበላል። እነዚህ መሣሪያዎች መጀመሪያ የተሠሩት በበለጸጉት አገሮች «ዘመናዊ ቤት» ለሚባለው፣ አምፖልና መጋረጃ ለማዘዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ሴንሰሩ በርሊን ሳሎን ውስጥ ይሁን ቡሬ መጋዘን ውስጥ ለይቶ አያውቅም። ሌላም ጥቅም አላቸው፤ ኢንተርኔት አይሹም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ፣ ልኬቱን ባሕር ማዶ ወዳለ ኮምፒዩተር ልኮ መልስ የሚጠብቅ መሣሪያ በዚያ መስመር ሊሠራ አይችልም ነበር። ሴንሰሩም ሬዲዮውም ኮምፒዩተሩም በአንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ ግን የውጭው መስመር መኖር አለመኖሩ አያሳስባቸውም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪዎች ሊኑክስ በተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይህን ሥራ አዘጋጁ እንበል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ነገር ይሠራል፦ የመጋዘኑን ሴንሰሮች ያዳምጣል፤ ለትምህርት ቤቱ የመማሪያ ጽሑፎችን ያቀርባል፤ እርጥበቱ ከፍ ሲል ደግሞ በሲም ካርድ ዶንግል አማካይነት ለመጋዘኑ ኃላፊ አጭር መልእክት ይልካል። ሦስቱም ሥራዎች በየራሳቸው «ኮንቴነር» ተቀምጠዋል። አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፤ ሲነጋጋ መጣ። ኮምፒዩተሩ በራሱ ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እርጥበት ከመቶ 62 ነው። በማግስቱም 62። በሦስተኛውም ቀን 62። ማንም ቅር አላለውም፤ ቁጥሩ መልካም ቁጥር ነውና። በመጋዘኑ ውስጥ ግን ከጣሪያው የገባ ዝናብ አንዱን ጥግ ማርጠብ ከጀመረ ሁለት ቀን አልፎታል።

ሴንሰሩ አልተበላሸም፤ ሬዲዮውም እንዲሁ። ታዲያ ምን ተፈጠረ? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ኮንቴነር ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልገናል።

አንድ ቆጣሪ ያለው ግቢ

ኮንቴነር የሚለው ቃል ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ በከባድ መኪና የሚመጣው የብረት ሣጥን ነው፤ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላም በየከተማው ሱቅ ወይም ጸጉር ቤት ሆኖ እናገኘዋለን። የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ስሙን የተዋሱት ከዚሁ ሣጥን ነው፤ ማንኛውም ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ጋር ተጠቅልሎ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ይጓዛል ለማለት። እኛ ግን ለዛሬው ጉዳያችን የተሻለ ምሳሌ የሚከራዩ ክፍሎች ያሉት ግቢ ይመስለናል። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቁልፍ አለው፤ ጎረቤቱ ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ አያይም። የመብራት ቆጣሪው ግን ለሁሉም አንድ ነው።

በሊኑክስ ውስጥ ያ ቆጣሪ ከርነል ይባላል። ከርነል ከማስታወሻውም፣ ከዲስኩም፣ ከዩኤስቢውም ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ብቸኛው ክፍል ነው። ብዙ ተማሪዎች ኮንቴነርን «ቨርቹዋል ማሽን» ከሚባለው ጋር ያምታቱታል። ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ከርነል አለው፤ የራሱን ቆጣሪ ያስገባ ቤት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ማስታወሻ ይበላል። ኮንቴነር ከርነል የለውም፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በርከት ያሉ ኮንቴነሮችን ማስነሣት የሚቻለውም ስለዚህ ነው።

የሐሳቡ ሥር ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ አንድን ፕሮግራም በአንድ ማኅደር ውስጥ አጥሮ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ነበረው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2002 ለፕሮግራሞች የተለያየ የፋይል እይታ መስጠት ጀመረ፤ የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት፣ እያንዳንዱ የፕሮግራሞች ቡድን ምን ያህል ሀብት መጠቀም እንደሚችል የሚወስነው ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ከርነሉ ውስጥ ገባ። በዚያው ዓመት አንድ ቡድን የትኞቹን መሣሪያዎች ሊከፍት እንደሚችል የሚወስን ተቆጣጣሪ ተጨመረ። ዶከር የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚህን ሁሉ ለአጠቃቀም ቀላል አድርጎ ሲያቀርባቸው ነገሩ በዓለም ተዳረሰ። ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ያ በ2008 የተጨመረው የመሣሪያ ተቆጣጣሪ ነው።

በሩ እንጂ ሬዲዮው አይሻገርም

ሬዲዮው ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ከርነሉ ሁለት ቁጥሮችን ያነብባል፦ የአምራቹንና የምርቱን። ከዚያም ለዚያ ምርት የሚስማማውን ድራይቨር ያገናኘዋል። ድራይቨሩ ሬዲዮውን እንደ አንድ የመልእክት መስመር አድርጎ ያቀርበዋል፤ «ዴቭ» በሚባለው ማኅደር ውስጥም ቲቲዋይ-ዩኤስቢ-0 የሚባል ፋይል ይታያል። ቲቲዋይ የሚለው የቴሌታይፕ ምሕጻር ነው፤ ሽቦ የተያያዘለት የጽሕፈት መኪና የኮምፒዩተር መነጋገሪያ ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው።

ይህ ፋይል ፋይል ይባል እንጂ በውስጡ ምንም ጽሑፍ የለበትም። የያዘው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ 188 እና 0። የመጀመሪያው ቁጥር «የዩኤስቢ መልእክት መስመሮችን ወደሚያስተዳድረው ድራይቨር ሂድ» ይላል፤ ሁለተኛው ከመስመሮቹ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። (አንዳንድ ሬዲዮዎች በሌላ ድራይቨር ይስተናገዳሉ፤ የእነዚያ የመጀመሪያ ቁጥር 166 ነው።) እንግዲህ «ሬዲዮውን ወደ ኮንቴነሩ አሻገርነው» ስንል ሬዲዮው፣ ዩኤስቢውም ሆነ ድራይቨሩ ከቦታቸው አልተነሡም። ድራይቨሩ በዋናው ከርነል ውስጥ እንዳለ ነው። የተሻገረው ሁለት ቁጥር የተጻፈበት በር ነው።

በሩ እንዲሠራ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፤ ሦስቱም ሲጎድሉ የተለያየ መልስ ይሰጣሉና መልሱን ማንበብ ይጠቅማል። በሩ በኮንቴነሩ ውስጥ ከሌለ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። በሩ ኖሮ ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ካልፈቀደ «ክንዋኔው አልተፈቀደም» የሚል መልስ ይመጣል። ቁጥሩ ተፈቅዶ የፋይሉ ባለቤትነት ካልተስተካከለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ፈቃድ ተከልክሏል» ይባላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው በጆሮ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ ብዙ ተማሪ አንድ ሌሊት የሚያባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። በጥንቃቄ በተዘጋጀ ኮንቴነር ውስጥ አለቃ የሆነው ተጠቃሚ፣ ቁጥሩ 0 የሆነው ማለት ነው፣ ከውጭ ሲታይ ለምሳሌ 100000 የሚል ቁጥር ያለው ተራ ሰው ነው። ስለዚህ በውጭው አለቃ የተያዘው የሬዲዮ በር ከውስጥ ሲታይ ባለቤቱ 65534፣ ማለትም «ማንም» ተብሎ ይታያል። በቤቱ ጌታ የሆነው ተከራይ የግቢውን በር መክፈት አይችልም። መፍትሔው በሩን ኮንቴነሩ ውስጥ ላለው ቡድን በስሙ መስጠት ነው።

በዚህ ድካም የተሰላቸ ሰው አንድ አቋራጭ አለው፤ ለኮንቴነሩ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል። ወዲያውኑ ይሠራል። እኛ ግን ይህን አንመክርም። ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው ኮንቴነር ዲስኩንም ጨምሮ የኮምፒዩተሩን መሣሪያዎች ሁሉ መክፈት ይችላልና፣ ለአንድ ተከራይ የግቢውን ቁልፍ ሁሉ እንደ መስጠት ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍሎቹን በግድግዳ መለየት ለምን እንዳስፈለገ መናገር ያስቸግራል።

ተራ ቁጥር ስም አይደለም

ወደዚያ ሌሊት እንመለስ። ቲቲዋይ-ዩኤስቢ-0 ላይ ያለው «0» የሬዲዮው ስም አይደለም፤ ተራ ቁጥር ነው። በጤና ጣቢያ ወረፋ እንደሚሰጠው ካርድ፣ ቀድሞ የታየ 0 ይወስዳል፣ ቀጣዩ 1። መጀመሪያ ሲዘጋጅ ሬዲዮው ቀድሞ ስለተሰካ 0 ደረሰው፤ የሲም ካርድ ዶንግሉ በኋላ መጣ። ብዙ ዶንግሎች አንድ ሳይሆን ሁለትና ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ ይከፍታሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለቱም በአንድነት ኃይል አገኙ፤ በዚያን ዕለት ዶንግሉ ቀድሞ ታየና 0ን፣ 1ንና 2ን ወሰደ። ሬዲዮው 3 ሆነ። ኮንቴነሩ ግን በታዘዘው መሠረት 0ን ከፈተ፤ ለዶንግሉም በሬዲዮው ቋንቋ ሲያወራ አደረ።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ኮምፒዩተሩ ላፕቶፕ ሆኖ በባትሪው እንደ በራ ይቆይና፣ የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ብቻ ለአፍታ ይጥፋ እንበል። ከርነሉ ሬዲዮው ተነቀለ ብሎ ይመዘግባል። ሲመለስ ግን ፕሮግራሙ አሮጌውን በር ገና እንደያዘ ስለሆነ 0 ነጻ አይደለም፤ ሬዲዮው 1 ይባላል። በተለመደው አሠራር ኮንቴነሩ በሮቹን የሚቀበለው በሚነሣበት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱ በር ከውጭ ቢከፈትም እርሱ ዘንድ አይደርስም።

መፍትሔው መሣሪያውን በተራው ሳይሆን በማንነቱ መጥራት ነው። ሊኑክስ ለዚህ ያዘጋጀው ማኅደር አለ፤ በውስጡ ያለው ስም ከአምራቹ፣ ከምርቱና ከመሣሪያው መለያ ቁጥር የተገነባ ስለሆነ ሬዲዮው 0 ቢባል 3 ቢባል ወደ እርሱው ይጠቁማል። ለኮንቴነሩ መሰጠት ያለበት ይህ ስም ነው፤ ከውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ በማይለወጥ አንድ ስም ይታይ። ኮንቴነሩም መሣሪያው ከመታየቱ በፊት እንዳይነሣ፣ መሣሪያው ተነቅሎ ሲመለስም እንደገና እንዲነሣ ማዘዝ ይቻላል። አንዳንዶች ከዚህ ይልቅ ቁጥራቸው በ188 የሚጀምረውን መሣሪያዎች ሁሉ ይፈቅዳሉ፤ ይህም ይሠራል፣ ዋጋው ግን የመጋዘኑ ኮንቴነር ዶንግሉንም መክፈት መቻሉ ነው። እኛ የምንመርጠው እንደገና ማስነሣቱን ነው።

ማንነትም ቢሆን ሁልጊዜ እሙን አይደለም። ርካሽ በሆኑ መሣሪያዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ሲኤች 340 የተባለው ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ መለያ ቁጥር የለውም። የሲሊከን ላብስ ሲፒ 2102 መለያ ቁጥር ቢኖረውም፣ የመሣሪያው ሠሪ ካልቀየረው ሁሉም «0001» ሆኖ ይወጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከተሰኩ መለየት የሚቻለው በተሰኩበት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሊኑክስ ለዚህም ሌላ ማኅደር አለው። ያን ጊዜ በየቀዳዳው ላይ ወረቀት ለጥፎ «ሬዲዮ»፣ «ዶንግል» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ንቦችና ግድግዳ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቢሟላም ሴንሰሩ ላይሰማ ይችላል፤ ምክንያቱ ያን ጊዜ ፊዚክስ ነው። በብዛት የሚሠራበት የሬዲዮ ሥርዓት ዚግቢ ይባላል። ስሙ ከንቦች ጭፈራ የተወሰደ ነው ይባላል፤ ቀሳሚ ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ አበባው ያለበትን አቅጣጫና ርቀት ለጓደኞቿ በጭፈራ ትነግራለች። ይህን ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ለጎጃም አንባቢ ስለ ንብ ብዙ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብናል። ነገሩ ግን የሚገጥም ነው፤ በዚግቢ መረብ ውስጥ ከኤሌክትሪክ መስመር ኃይል የሚያገኙ መሣሪያዎች የሩቁን መልእክት ተቀብለው ለሚቀጥለው ያስተላልፋሉ። እዚህም የስምና የማንነት ጉዳይ ይመጣል፦ እያንዳንዱ ሴንሰር የማይለወጥ ባለ 64 ቢት አድራሻ አለው፤ መረቡ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ባለ 16 ቢት አጭር ስም ይሰጠዋል፤ ይህ አጭር ስም ሊቀየር ይችላል።

ዚግቢ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ይሠራል፤ የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ዋት የሚያሰራጭ ሴንሰር በ10 ሜትር ርቀት፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ኃይል አንድ ሚሊዮንኛው ብቻ ተቀባዩ ዘንድ ይደርሳል። ይህም አንድ ናኖ ዋት ነው። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን መስፈርቱ ከተቀባዩ የሚጠይቀው የ3 ፒኮ ዋት ያህል ምልክት እንዲሰማ ስለሆነ፣ ሦስት መቶ ዕጥፍ ያህል ትርፍ አለን። ይህን ትርፍ የሚበላው ግድግዳ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ ሞገዱን ይመልሰዋል። በክረምት የረጠበ የጭቃ ግድግዳ ከደረቀው የበለጠ ይውጠዋል፤ የእህል ጆንያም እንዲሁ፤ በማይክሮዌቭ የእህል እርጥበት የሚለኩ መሣሪያዎች መኖራቸውም ከዚሁ የተነሣ ነው። (2.4 ጊጋ ኸርዝ የውሃ ልዩ ድግግሞሽ ነው የሚባለው ግን ስሕተት ነው፤ ውሃ በክፍል ሙቀት ከሁሉ ይበልጥ የሚውጠው ወደ 20 ጊጋ ኸርዝ ገደማ ነው።)

ትርፉን የሚበላ ሌላ ሌባ እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ አለ። ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ በሰከንድ 5 ጊጋ ቢት ስለሚያስተላልፍ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ጫጫታ የአካባቢውን የሬዲዮ ድምፅ ወለል እስከ 20 ዴሲቤል፣ ማለትም መቶ ዕጥፍ፣ ሊያነሣ እንደሚችል አሳይቷል። ሦስት መቶ ዕጥፍ የነበረው ትርፋችን ወደ ሦስት ዕጥፍ ወረደ ማለት ነው፤ አንድ እርጥብ ግድግዳ ይጨርሰዋል። ፈውሱ ርካሽ ነው፦ ማራዘሚያ ገመድ። ሬዲዮውን ከቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ 50 ስናርቀው ርቀቱ አሥር ዕጥፍ ይሆናል፤ ኃይል በርቀት ካሬ ልክ ስለሚቀንስም ጫጫታው ቢያንስ በመቶ ዕጥፍ ገደማ ይወርዳል። ዋይፋይ በአቅራቢያ ካለ ደግሞ የዚግቢን 15ኛ፣ 20ኛ ወይም 25ኛ መስመር መምረጥ ይጠቅማል፤ በተለመዱት የዋይፋይ 1ኛ፣ 6ኛና 11ኛ መስመሮች መካከልና ዳር ይውላሉና።

እግረ መንገዳችንን ከአሜሪካ ዘመድ ለሚያስመጡ አንድ ማሳሰቢያ እናክል። ዚግቢ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ በመላው ዓለም አንድ ነው። ዚ-ዌቭ የሚባለው ሌላው ሥርዓት ግን በአውሮፓ 868.42፣ በአሜሪካ 908.42 ሜጋ ኸርዝ ይጠቀማል። የአሜሪካው ከአውሮፓው ጋር አይነጋገርም፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ 908.42 በአገራችን የሞባይል ስልኮች ወደ ማማው በሚልኩበት የ900 ሜጋ ኸርዝ ክልል ውስጥ መውደቁ ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል።

የቀረን ስክሪኑ ነው። እርጥበቱ 62 መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከስንት ደቂቃ በፊት እንደ ተለካ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ሰዓት ካለፈውም ቁጥሩ ይጥፋ፣ ለኃላፊውም መልእክት ይሂድ። ሥራው ተጠናቀቀ ከመባሉ በፊት ደግሞ መብራት እስኪሄድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መሣሪያዎቹን ነቅሎ በሌላ ቅደም ተከተል መሰካትና ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ነው። ለሬዲዮውና ለዶንግሉ ሁለት ቅደም ተከተል ብቻ አለ፤ ሦስተኛ መሣሪያ ከተጨመረ ስድስት ይሆናል። ስድስቱንም ለመሞከር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።